በግ ሸጦ ሞባይል


ደባርቅ ገበያ በግ ሸጦ ሞባይል የሚገዛ ወጣት የሚመርጠው በሰማው ወሬ ነው። ወሬው ግን ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ዘጋቢው ስልኩን ከኩባንያው ቀድሞ ይቀበላል፤ ካማረረ ለሚቀጥለው ላይጠራ ይችላል። አንባቢውም ቢሆን የራሱ ስልክ ሲወደስ መስማት ይወዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሳምሰንግ ኖት 7 ባትሪ እሳት ሲይዝ፣ በ2017 ደግሞ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ማዘግየቱን ሲያምን፣ የየጎራው ደጋፊ የባላንጣውን ጥፋት እያጋነነ የራሱን አድበሰበሰ። የኢጣሊያ የውድድር ባለሥልጣን ግን በ2018 ስልክ በሚያዳክም የሶፍትዌር ማሻሻያ ምክንያት ሁለቱንም ቀጣ፤ አፕልን 10፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ።

አገር ውስጥ ሲገጣጠም ያየነው ቴክኖስ? በዚያ ሁሉ ክርክር ስሙ እምብዛም አይነሳም። መብራት በሚጠፋበት ቀበሌ ግን ቀድሞ የሚጠየቀው ካሜራው ሳይሆን ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው።