ምች የወጣበት ከንፈርና ችፌ ያለበት ሕፃን



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በአንድ ቤት ያየሁት ነው። በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ በቅርቡ ከአገር ቤት የገባች አንዲት እናት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የአንድ ዓመት ተኩል ልጇ ችፌ አለበት። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያተኩሰውና ሲያለቅስ፣ እርሷ ችፌው የባሰበት መስሏት የተለመደውን ቅባት ትቀባዋለች። ገልጣ ስታሳየኝ ጉንጩና አንገቱ ውሃ በቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ተሞልቷል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። አስተኝተው በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጡት፤ ዳነ።

ነገሩ ሲጠየቅ፣ ከሳምንት በፊት አያቱ ከንፈራቸው ላይ ምች ወጥቶባቸው ነበር። እንደ ልማዳችን ልጁን አገላብጠው ስመውታል።

እኛ «ምች መታኝ» ስንል ፀሐይ አመጣው እንላለን። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ግን ሄርፔስ የሚባል ቫይረስ ነው። ፀሐይና ድካም በሰውነት ውስጥ የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሱታል እንጂ አይፈጥሩትም። በመሳም፣ በምራቅና ቁስሉን በነካ እጅ ይተላለፋል። በጤናማ አዋቂ ላይ ብዙውን ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን ይደርቃል። ችፌ ያለበት ሰው ቆዳ ግን አጥሩ እንደ ፈረሰ ግቢ ነው፤ ቫይረሱ ገብቶ በሰፊው ይዛመታል። ይህ የእስራኤል አየር ያመጣው በሽታ አይደለም፤ ካፖሲ የተባለ የቪዬና ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ጽፎታል። ችፌው ራሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጁን ከማቀፍ አትሽሹ።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። በድንገት የሚወጡ፣ መጠናቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ናቸው። ሲፈነዱ በወስፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቁስል ይተዋሉ። ከማሳከክ ይልቅ ያማሉ። ትኩሳት፣ መፍዘዝና ምግብ እንቢ ማለት ይከተላል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ ስለማይታይ «አልቀላም» ብላችሁ አትዘናጉ።

እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ቁፓት ሆሊም ሂዱ። ከተዘጋ፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም ቁስሉ ዓይን አጠገብ ከሆነ ወደ ሚዮን ውሰዱት፤ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ሲጀመር በደንብ ይረዳል። የቆየውን ቅባት ብቻ እየቀባችሁ አትጠብቁ፤ ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጉ።

ዕብራይስጥ ገና ላልለመዳችሁ ሦስት ቃላት ያዙ፦ «ኤክዜማ፣ ሻልፑሂዮት፣ ሆም»። ችፌ፣ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች፣ ትኩሳት ማለት ነው። ቤት ውስጥ ምች የወጣበት ሰው ካለም «ሄርፔስ» ብላችሁ ተናገሩ።

ምች የወጣበት ሰው ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ እስኪወድቅ ሕፃን አይሳም። እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ፎጣና ኩባያውን ይለይ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ችፌ ባይኖርበትም ቫይረሱ ለሕይወቱ ያሰጋዋልና ይበልጥ እንጠንቀቅ።

የዚያ ልጅ አያት «እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁት» እያሉ አልቅሰው ነበር። «እማማ፣ ማን ነግሮዎት? በፍቅር ነው የሳሙት» አልኳቸው። ዛሬ ምች ሲወጣባቸው ልጁን ፈንጠር ብለው ይመርቁታል።