ገቢ ክፍያን ለንግድ ደንበኞች ስለ ማሳወቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ የንግድ ድርጅት ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን በባንክ በኩል ሲጠብቅ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋል። አንደኛው ገንዘቡ በእርግጥ ወደ ሒሳቡ መግባቱን ነው። ሁለተኛው የገባው ገንዘብ የትኛው ደንበኛ፣ ለየትኛው ፋክቱር የከፈለው መሆኑን ነው። የባንክ ኮምፒዩተሮች ለመጀመሪያው ጥያቄ በሴኮንዶች ውስጥ መልስ ለመስጠት ከበቁ ቈይተዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልሱን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ዛሬም የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ መሣሪያውም እስክሪብቶና ማስመሪያ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ችግሩ ያለው በመልእክቱ ፍጥነት ላይ ሳይሆን በመልእክቱ ይዘት ላይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ቀደም ባለው አሠራር ባንኩ «ክሬዲት አድቫይስ» የተባለውን ወረቀት አዘጋጅቶ ገንዘቡ ለገባለት ደንበኛ ይሰጥ ነበር። ወረቀቱ ዘገምተኛ ነበር፤ የድርጅቱ ተላላኪ ባንክ ሄዶ እስኪያመጣው ቀናት ያልፉ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ከባንኩ እጅ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ እጅ የሚገባ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ከታወጀ፣ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረና የየባንኩ የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ገንዘብ ማስተላለፍ እጅግ ፈጥኗል። ከዚሁ ጋር ግን በገበያው ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ፤ ከፋዩ በራሱ ስልክ ላይ የደረሰውን መልእክት ለሻጩ ማሳየት፣ ወይም የገጹን ፎቶ አንሥቶ መላክ እንደ ክፍያ ማረጋገጫ ተቈጠረ። የክፍያ ምስክርነት ከባንኩ እጅ ወጥቶ ወደ ባለዕዳው እጅ ገባ ማለት ነው። ፎቶግራፍን መለወጥ፣ የባንክን መልእክት አስመስሎ መጻፍ ደግሞ ማንኛውም ስልክ የያዘ ሰው የሚችለው ሥራ ነው። ጫኙ መኪና ከመጋዘኑ ደጃፍ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ገንዘቡ እንዳልገባ የተረዳ ነጋዴ በየገበያው ያለ ነው።

ነጋዴው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚታለለው። በመርካቶ የብረታ ብረት ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ድርጅት በምሳሌነት ይወሰድ። የባንኩ መልእክት የሚደርሰው በሒሳቡ ላይ ወደ ተመዘገበው ስልክ ሲሆን፣ ስልኩ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት በጉምሩክ ጉዳይ ሞጆ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩም ላይሠራ ይችላል። መጋዘን ኃላፊው ከፊቱ የቆመውን ገዥ ወይም አምኖ ያሰናብታል፣ ወይም አስቁሞ ያቈየዋል። ታዲያ መልእክቱ ለመጋዘን ኃላፊውም ለምን አይላክም ቢባል፣ መልሱ በመልእክቱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ከገባው ገንዘብ ቀጥሎ የሒሳቡ ጠቅላላ ቀሪ ተጽፏል፤ ባለቤቱም ያለውን ጥሪት ለሠራተኛው ሁሉ ማሳየት አይፈልግም። ይህ ለግለሰብ ደንበኛ ተብሎ የተቀረጸ መልእክት እንዳለ ወደ ድርጅት በመተላለፉ የመጣ እንከን ነው። ማረሚያውም አስቸጋሪ አይደለም። ባንኩ ለአንድ ሒሳብ ብዙ ተቀባዮችን መዝግቦ ለመጋዘን ኃላፊው የፋክቱሩን ቁጥርና የገንዘቡን ልክ ብቻ፣ ለሒሳብ ሹሙ ዝርዝሩን ሁሉ፣ ለባለቤቱ ደግሞ ከወሰነው መጠን በላይ የሆነውን ብቻ መላክ ይችላል።

በዓለም አቀፉ የባንክ ሥራ ይህ ጉዳይ ከቆየ ጀምሮ ቅርጽ ተበጅቶለታል። በ1973 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ የተቋቋመው ስዊፍት የተባለው የባንኮች የመልእክት ድርጅት ኤም.ቲ. 910 የተባለውን የገቢ ማረጋገጫ፣ ኤም.ቲ. 942 የተባለውን የቀን ውስጥ ዘገባና ኤም.ቲ. 940 የተባለውን የሒሳብ መግለጫ ሲያሠራ ኖሯል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይ.ኤስ.ኦ. 20022 ደረጃም እነዚሁ ሦስቱ ካምት 054፣ ካምት 052 እና ካምት 053 በሚል ስያሜ ይገኛሉ። ሦስቱም አገልግሎታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው አንድ ገንዘብ በገባ ጊዜ ወዲያው የሚላክ ነው። ሁለተኛው በቀኑ ውስጥ እስከዚያ ሰዓት የሆነውን ሁሉ ይዘረዝራል። ሦስተኛው ቀኑ ከተዘጋ በኋላ የሚወጣ ሲሆን፣ በመዝገብ ላይ የሚወራረደውም እርሱ ብቻ ነው። በቀኑ ውስጥ የታየ ክፍያ ገና በመጠባበቅ ላይ ያለ፣ ወይም በስሕተት ገብቶ የሚመለስ ሊሆን ይችላልና፣ መልእክቱ «ተመዝግቧል» ወይም «በመጠባበቅ ላይ ነው» የሚለውን በግልጽ መናገር ይገባዋል። ገቢውን አስታውቆ መመለሱን የማያስታውቅ ሥርዓት ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል።

ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል።

ብረት ሻጩ ድርጅት 100,000 ብር ዋጋ ያለው ዕቃ ሸጦ 15,000 ብር የተጨማሪ እሴት ታክስ በመጨመር የ115,000 ብር ፋክቱር ሰጠ እንበል። ገዥው ድርጅት ሕጉ እንደሚያዘው ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሶ ካስቀረ ወደ ባንክ የሚገባው 115,000 ብር አይሆንም። ገዥው ሦስት ፋክቱሮችን በአንድ ጊዜ ከከፈለም የሚታየው አንድ ድምር ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በገንዘቡ ልክ ብቻ ፋክቱሩን ለይቶ ማግኘት አይችልም።

በስም መለየትስ? እዚህ ላይ የአማርኛ ፊደል የራሱን ፈተና ያመጣል። ፀሐይ የሚለው ስም በፀሐዩ ፀም በጸሎቱ ጸም ይጻፋል፤ መካከለኛው ፊደልም በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ አንዱ ባንክ በቲ ሲጀምረው ሌላው በኤስ ይጀምረዋል። ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተሩ አምስትና ስድስት ሰው ነው። በዚህ ላይ የገዥው ድርጅት ገንዘብ ያዥ ክፍያውን በገዛ ስሙ ሲያስተላልፍ፣ በመልእክቱ ላይ የሚታየው በሻጩ መዝገብ ውስጥ ፈጽሞ የሌለ ሰው ይሆናል። «የክፍያ ምክንያት» በሚለው ቦታ የሚሞላውም ብዙውን ጊዜ «ክፍያ» የሚል ቃል ነው፤ ይህም እውነት ነው፣ ግን አይጠቅምም። ባለቤቱ ያልታወቀው ገንዘብ ሁሉ በተንጠልጣይ ሒሳብ ውስጥ ይከማቻል፤ የከፈለው ደንበኛም ዕዳህን ክፈል የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል።

ሌሎች አገሮች መፍትሔውን ያገኙት ከማስታወቂያው በፊት፣ ከክፍያው መነሻ ላይ ነው። ሻጩ ፋክቱሩን ሲያወጣ ለዚያ ፋክቱር ብቻ የሆነ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከፋዩ ቁጥሩን በትእዛዙ ላይ ያሰፍራል፤ ባንኮቹም ሳይቈርጡና ሳይለውጡ እስከ ተቀባዩ ያደርሱታል። አይ.ኤስ.ኦ. 11649 የተባለው ደረጃ የሚወስነው መለያ ከ25 ምልክቶች የማይበልጥ ሲሆን፣ በአር.ኤፍ. ፊደሎች ጀምሮ ሁለት የመቈጣጠሪያ አኃዞችን ያስከትላል። መለያው ወደ አኃዝ ተለውጦ በ97 ሲካፈል ቀሪው 1 ካልሆነ አንድ አኃዝ ተሳስቷል ማለት ነውና፣ የከፋዩ ባንክ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት ስሕተቱን ይይዘዋል። ስዊስ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የክፍያ ወረቀት ላይ 27 አኃዝ ያለውን መለያ በኪው.አር. ምልክት ውስጥ አስገብታ ከፋዩን ከመጻፍ ጭምር አሳርፋዋለች። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ የመክፈያ ቁጥር ሰጥቶ ሁሉንም ወደ አንድ ሒሳብ ማስገባትም ሌላ መንገድ ነው፤ ይህ ከፋዩን ይለያል፣ ፋክቱሩን ግን አይለይም። በኢትዮጵያ ቁጥር የተጻፈበትን ፋክቱር የሚሰጥ ነጋዴ ሁሉ መለያው በእጁ አለ። የጐደለው ከፋዩ የሚጽፍበት አስገዳጅ ቦታና ከባንክ ወደ ባንክ ሲተላለፍ ሳይጠፋ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ስለ መሐንዲሱ ሥራም ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። መስመር በሚቋረጥበት አገር መልእክት ሊዘገይ፣ ሊደገም፣ ወይም ተራው ሊዛባ እንደሚችል ከመነሻው መታሰብ አለበት። ባንኩ መልስ ካላገኘ ደግሞ ይልካል፤ ስለዚህ ተቀባዩ ኮምፒዩተር አንድን ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘግብ እያንዳንዱ መልእክት የማይለወጥ ቁጥር ሊኖረው ያሻል። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሒሳብ ተከታታይ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ከ412 ቀጥሎ 414 የደረሰው ድርጅት 413 መቅረቱን ዐውቆ መጠየቅ ይችላል፤ ያለ ተራ ቁጥር ግን ያልደረሰ መልእክት ያልተከፈለ ክፍያ ይመስላል። መልእክቱ ከባንኩ ለመውጣቱም በምስጢር ቁልፍ የተሠራ ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱም ከላይ የተነገረው የፎቶግራፍ ተንኰል ነገ በኮምፒዩተር መስመር መምጣቱ አይቀርም።

የቀን ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ሲሆን፣ ባንኮች የሒሳብ ዓመታቸውን የሚዘጉት በጁን 30፣ ማለትም በሰኔ 23 ቀን ነው። «30/10» የሚል ቀን የያዘ መልእክት ለአንዱ የኦክቶበር፣ ለሌላው የሰኔ መጨረሻ ነው። በዘገባው ላይ ሁለቱም አቈጣጠሮች ከነስማቸው ቢጻፉ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ ስንት መሆኑ ቢገለጽ የሚወስደው ቦታ ከግማሽ መስመር አይበልጥም።

የሚቀረው የማኅተም ነገር ነው። ድርጅቶች ዘገባውን በኮምፒዩተር እያገኙም እንኳ፣ ኦዲተርና የግብር መሥሪያ ቤት ስለሚጠይቁ ብቻ ማኅተም ያረፈበትን የሒሳብ መግለጫ ለማምጣት ሠራተኛ ወደ ባንክ ይልካሉ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። ባንኮች የዕለቱን መግለጫ በዚሁ ሕግ መሠረት ፈርመው ቢልኩ፣ ተቀባይ መሥሪያ ቤቶችም ፊርማውን የሚመረምሩበትን መሣሪያ በየጠረጴዛቸው ቢያኖሩ፣ ያ ሠራተኛ በተራ የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖርም። ይህም ከባንኮች፣ ከኦዲተሮችና ከገቢዎች መሥሪያ ቤት የተውጣጡ ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው።