ስለ ቴሌቪዥን አንቴና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ታላላቅ ነገር ተናግረዋል። የእኔ ነገር ግን ከቤት ጣራ በላይ አይወጣም፤ ይኸውም ስለ ቴሌቪዥን አንቴና ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ላይ ተተክሎ የሚታየው ከሳተላይት የሚቀበለው ዲሽ ስለ ሆነ፣ «ይህ ልጅ ስለ አሮጌ ብረት ሊያወራልን ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ስለ አሮጌ ብረት ነው። በዚህ አሮጌ ብረት ምክንያት የአባቴን ገንዘብ በከንቱ አስወጥቻለሁና፣ ሌላው ሰው እንዳያወጣ ብናገር ይገባኛል።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ወንድ አያቴ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ በተዳፋት ላይ በተሠራ ቤት ነው። ጆሯቸው ፈጽሞ ስለ ደከመ ራዲዮን ትተውታል። ዐይናቸው ግን በመነጽር ደኅና ስለ ሆነ የሁለት ሰዓቱን ዜና ከሥዕሉ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሕፈት እያነበቡ ይከታተላሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዲስ አበባ ተቀጥረው ይሠሩ ነበርና፣ በሰው ቤት መስኮት ቆመው እንዳዩ እስከ ዛሬ ያጫውቱናል። በዚያ ክረምት ግን ሥዕሉ ሁሉ በነጭ ነጠብጣብ ተሸፈነ። «ሰ» ከ«በ» የማይለይ ሆነ። አያቴም መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመሩ።

እኔ ፊዚክስ እወዳለሁ የምል ነኝና፣ አባቴን «ቡስተር ካልተገዛ አይሆንም» አልኳቸው። አባቴም ለቆርቆሮ መግዣ ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ ሰጡኝ። ገዝቼ ገጠምኩት። ሥዕሉ ደመቀ፤ ነጠብጣቡም አብሮ ደመቀ! ፊደሉ እንደ ቀድሞው አይነበብም። አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ጧት በሰልፍ ላይ የምንጠቀምበትን የድምፅ ማጉያ ማሰብ ይበቃል። ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ርቆ በሹክሹክታ ቢናገር፣ ማጉያውን ከፍ ብናደርገው የሹክሹክታውን ያህል የነፋሱንና የተማሪውን ጫጫታ ያጐላዋል። ቡስተርም አንቴናው የያዘውን ከነጫጫታው ያጐላል እንጂ አንቴናው ያልያዘውን ሊፈጥር አይችልም። በረዥም ገመድ ውስጥ የሚጠፋውን ኀይል ለማካካስ ይጠቅማል፤ ለዚያም ቢሆን ቦታው ከአንቴናው አጠገብ እንጂ እንደ እኔ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አይደለም።

ለፊዚክስ መምህሬ ነገሩን ባጫውታቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዘንጎቹን ለክተሃል?» አሉኝ። አልለካሁም ነበር።

ወዳጆቼ፣ የአንቴና ምሥጢሩ ከልኩ ላይ ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ያህል ይጓዛል። ሞገዱ በሴኮንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ ካወቅን፣ 300ን በዚያ ቊጥር ብናካፍለው የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። ሞገዱን በደንብ የሚይዘው ዘንግ ደግሞ የዚህ ርዝመት እኩሌታ የሆነ፣ ከዚያም ከመቶ አምስት ያህል የተቀነሰለት ነው። በአያቴ ቴሌቪዥን የጣቢያ መፈለጊያ ላይ የተጻፈው ቊጥር 189 ነጥብ 25 ነበር። ሥዕሉና ድምፁ የሚይዙትን ስፋት ጨምሬ መካከሉን 191 ብል፣ ሞገዱ አንድ ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር፣ እኩሌታው 78፣ ተቀንሶለት ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከጣራው ላይ የነበረው አንቴና ረዥሙ ዘንግ ግን 28 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር! ያ አንቴና ዩ ኤች ኤፍ ለሚባለው፣ በሴኮንድ ከ500 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ለሚርገበገበው ሞገድ የተሠራ ነው። የአያቴ ጣቢያ ግን የሚመጣው ቪ ኤች ኤፍ በሚባለው ነው። አንቴናው አልተበላሸም፤ የሌላ ሰው ጫማ ነበር እንጂ።

ስለዚህ አዲስ ሠራሁ። አምስት የአሉሚኒዩም ዘንግ ከአሮጌ የመጋረጃ መስቀያ አገኘሁ። በደረቅ እንጨት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እያራራቅሁ ደረደርኳቸው። ገመዱ የሚያያዝበት ዋናው ዘንግ 75 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የታጠፈ ነው። ከኋላው ያለው 80 ሆኖ ሞገዱን ወደ ፊት ይመልሳል። ከፊት ያሉት ሦስቱ ከ70 ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያጠሩ ሞገዱን ወደ ዋናው ይመራሉ። የታጠፈውን ዘንግ ከገመዱ ጋር የሚያስማማውን ትንሽ ሣጥን ከአሮጌው አንቴና ፈትቼ ወሰድኩ።

ይህን ዓይነት አንቴና በፈረንጆች አቈጣጠር በ1926 ያወጡት ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ የሚባሉ የጃፓን ሊቃውንት ናቸው። አብዛኛውን ሥራ የሠራው ኡዳ ሲሆን በዓለም የሚጠራው ግን የያጊ ስም ነው፤ ይህ ለእኔ ደስ አይለኝም። በ1942 የጃፓን ጦር ሲንጋፖርን ሲይዝ በእንግሊዞች የራዳር ጽሑፍ ውስጥ «ያጊ» የሚል ቃል አግኝቶ ትርጉሙ ጠፋበት፤ የአገራቸው ሰው ስም መሆኑን የነገራቸው የተማረከ እንግሊዛዊ ነው ይባላል።

አንቴናውን በክረምት አልሰቀልኩም። መብረቅ ባለበት ወራት ብረት ይዞ ጣራ ላይ መውጣት ሞትን መጥራት ስለ ሆነ፣ እናቴ መስከረም ሳይጠባ መሰላሉን አላስነካ አሉኝ። ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ የማይነካበትን ቦታ አባቴ መረጡ፤ ከምሰሶው እስከ መሬት የሚወርድ ወፍራም የመዳብ ሽቦም አደረግንለት።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ወጣሁ። ምሰሶውን ከቀድሞው በሁለት ሜትር ከፍ አደረግነው፤ ሞገዱ ከተራራው ማሠራጫ የሚመጣው እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነውና፣ ቆርቆሮና ዛፍ በጋረደው ቊጥር ይደክማል። ገመዱም በመካከሉ ተቈርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር። ብፈታው ውኃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። መቀጠያ በሌለው አንድ ገመድ ተካሁት። እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናገር፤ ዘንጉን፣ ከፍታውንና ገመዱን በአንድ ቀን ስለ ለወጥኩ ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ እንደ ጠቀመ ልነግራችሁ አልችልም። መምህሬም በዚህ ነቅፈውኛል።

ከዚያ የቀረው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። እኔ ከጣራ፣ ታናሽ እኅቴ ከደጃፍ፦ «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ቀኝ!» «አሁንስ?» «አለፈ፣ መልስ!» አንድ ጣት ያህል አዙሮ መጠበቅ ነው እንጂ እንደ ጀበና ማማሰል አያስፈልግም።

ዲጂታል ለሚባለው ሥርጭትም ሕጉ ያው ነው። በመደብር «ዲጂታል አንቴና» ተብሎ የሚሸጠው ዘንጉ ሞገዱ ምን እንደ ተሸከመ አያውቅም፤ የሚያውቀው ርዝመቱን ነው። ልዩነቱ፣ በዲጂታል ሞገዱ ሲደክም ነጠብጣብ አይታይም፤ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ይቈራረጥና በድንገት ይጠፋል። ስለዚህ ለጥቂት ከሚበቃው አንቴና ተርፎ የሚበቃውን መሥራት ይሻላል።

ያን ዕለት ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን አያቴ መነጽራቸውን አጠለቁ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ቀስ ብለው ማንበብ አይሆንላቸውም፤ ከግርጌ የሚያልፈውን ጽሕፈት እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ አንድ በአንድ አነበቡት። አባቴ ወደ እኔ ዞረው «ቡስተሩንስ?» አሉኝ።

ቡስተሩ እነሆ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለ 28 ሳንቲ ሜትሩ አንቴናም አለ፤ ሜትሩም አብሮ ተቀምጧል፤ መለካት የምትፈልጉ ቅረቡ።