ሥዕልና ንድፍ በትምህርት ክፍል



በኦሎምፒያ ሠፈር የሚኖር ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ፎቅ ሲሠራ፣ ብረት ሲታሠር፣ ሲሚንቶ ሲቦካ ያያል። ሕንፃው አስቀድሞ በወረቀት ላይ መነደፉን የሚያስረዳው ግን እምብዛም አያገኝም። ክፍል ገብቶም ስለ ርዝመትና ስለ ስፋት የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። በሥዕል አስተምሩ ማለት የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ የምጨምረው፣ ሥዕልም እንደ ፊደል ማንበቡን የሚያስተምር ሰው የሚሻ መሆኑን ነው።

ከኦሎምፒያ ብዙ በማይርቀው፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ፣ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለቀለም መስተዋት የሠሯቸው 3 መስኮቶች የአፍሪካን ያለፈና የወደፊት ዘመን ያሳያሉ። ልጅን ወስዶ «እይ» ማለት አይበቃም፤ የቱ ያለፈው፣ የቱ የሚመጣው እንደ ሆነ ራሱ እንዲለይ መጠየቅ ያሻል።

የሳይንስ መጽሐፍ ሥዕልማ ከዚህ ይበልጥ ተርጓሚ ያስፈልገዋል። የልብ ሥዕል የሚሣለው ፊቱን ወደ እኛ እንዳዞረ ሰው ስለ ሆነ፣ ግራው ክፍል በገጹ ላይ በቀኝ በኩል ይገኛል። ኦክስጅን ያነሰው ደም በሰማያዊ የሚቀባውም ለመለያ ብቻ ነው፤ ደም ሁሉ ቀይ ነውና። ይህን ያልተነገረ ልጅ 4ቱን የልብ ክፍሎች በስም ቢያውቅም፣ ሥዕሉ ራሱ ያሳስተዋል።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር፣ ከተሰሙት ቅሬታዎች አንዱ ምስሉ ፈጥኖ የሚያልፍ መሆኑ ነበር። ጠመኔ የያዘ መምህር ግን መስመሩን አንድ በአንድ ሲያሰምር ተማሪው አሳቡን ይከተላል፤ ካልገባውም ያስቆመዋል። ሥዕል አልችልም የሚል መምህር አይፈር፤ ክብና ቀስት ብዙ ያስረዳሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወላጆችም በዕረፍት ቀናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ሜትር ይበቃል። ልጁ የሳሎኑን ወለል ይለካ፤ 6 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን፣ በ1 ለ100 መጠን 6 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይንደፈው። ቀጥሎም በሩ ያለበትን ግድግዳ ከፊት ለፊት እንደሚታይ ይንደፍ። በሩ በመጀመሪያው ንድፍ በመስመር መካከል ያለ ክፍተት፣ በሁለተኛው አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ አንድ በር የሆኑበትን ምክንያት እናንተ አትንገሩት፤ እርሱ ያስረዳችሁ።