ቴሌቪዥንና የማታ ጨዋታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ቴሌቪዥን በቤተ ሰብ ኑሮና በዕረፍት ጊዜ ላይ ስላስከተለው ለውጥ ነው። ይህን የሰሙ ጓደኞቻችን «ጎጂ ነው ብላችሁ ውረዱ፤ ወላጆች ያጨበጭቡላችኋል» ብለው መክረውን ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ ሁላችንም የምናየውን ነገር ቀን ቆመን ብንረግመው የሚያምነን አይገኝም።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም፤ መሣሪያውም የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ቤት ነበር። ያን ጊዜ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን፥ ቴሌቪዥን የገባበት ቤት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆን ነበር። ልጆቹ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ እያወለቁ ገብተው፥ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው የአባባ ተስፋዬን ተረት ያዳምጡ ነበር። አባባ ተስፋዬ፥ ማለት ተስፋዬ ሣህሉ፥ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ብዙ አሥርት ዓመታት ኖረው በ2009 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ተረትን ከቤታችን አጠፋው ለሚሉን፥ አያቱ ሩቅ አገር ለቀሩበት የከተማ ልጅ ተረት ያመጣለትም እርሱው ነው ብለን እንመልሳለን።

ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን አንድ ጠባይ አለው፤ ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። ይህን ከወጣት መምህራኖቻችን ይልቅ የሚያውቀው የለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት በሳተላይት መሰጠት በጀመረ ጊዜ እነርሱ ተማሪዎች ነበሩ። አስተማሪው ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ትምህርቱ አይቆምለትም። በክፍል ውስጥ የታየው ይህ ነገር፥ በእኛ አስተያየት፥ በየቤታችንም ማታ ማታ ይታያል።

እስቲ የእራቱን ሰዓት እንመልከት። ሁለት ሰዓት ሲሆን የአማርኛው ዜና ይጀምራል፤ አባት «ጸጥ በሉ» ይላሉ። ዜናው ሲያልቅ ተከታታይ ድራማ ይተካል። እናት ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ትዘረጋለች፤ ልጅ ዓይኑ ከመስኮቱ ላይ ተተክሎ ስለ ቀረ ጉርሻው በአየር ላይ ይቆያል። ቡናው ይፈላል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ግድግዳ አዙሯል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፥ የቱርክ ቤተ ሰቦችን ዝምድና እስከ አክስት ልጅ ድረስ የሚቆጥር ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። የራሱን ሰባት ቤት የሚቆጥረው ግን ስንቱ ነው? ቱርኮቹ ምንም አላጠፉም። ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያውቁት አያት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፥ የሚጠይቃቸው አጥተው ያንቀላፋሉ።

እንግዲህ ይዘጋ እንበልን? ሙሉ ቀን እንጀራ ስትጋግር፥ ልብስ ስታጥብ የዋለች እናት ያቺን የአንድ ሰዓት ድራማ ካልተመለከተች ሌላ ምን ዕረፍት አላት? ለአባቶች ኳስ አለ፤ ውጭ ወጥቶ ማየትም ይቻላል። ለእናቶች ያለው ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ወጥ ቤት ገብቶ ቢያግዝ መልካም ነው፤ ወንድሞቻችንም ይህን ቢሰሙ አንጠላም።

ደግሞም አሁን የባሰው መጥቷል። ቀድሞ በአንድ ቤት አንድ ቴሌቪዥን በነበረ ጊዜ፥ ኳስ ይታይ ድራማ ይታይ እየተባለ በሪሞቱ ጠብ ይነሣ ነበር። ዛሬ ግን ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እያለ ሁሉም በየስልኩ ያጎነብሳል፤ ጠቡም የለ፥ ጨዋታውም የለ። እኛስ ጠቡን እንመርጣለን።

ከመካከላችን በአንዲቱ ቤት ቡና ሲፈላ ድምፁን ብቻ ማጥፋት ተለምዷል። አንድ ማታ በድራማው ላይ ሠርግ ሲታይ፥ ድምፅ ስለሌለው አያትየው «ሙሽራይቱን ምን አስለቀሳት?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ የራሳቸውን ሠርግ ጀመሩ፤ በበቅሎ ተጭነው ሲሄዱ ወንዝ ሞልቶ ሚዜዎቹ ማዶ እንደ ቀሩ፥ እርሳቸውም በአሥራ አራት ዓመታቸው ሙሽራውን ከቶ አይተውት እንደማያውቁ ተናገሩ። ልጃቸው፥ የጓደኛችን እናት፥ ይህን የሰማችው ያን ዕለት ነበር። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፤ ድራማውን የጨረሰው ሰው የለም።

ወላጆቻችንን የምንለምነው ይህንኑ ያህል ነው፤ ቡና እስኪጠጣ ድምፁ ይጥፋ። ሌላው ልመናችን ለርእሰ መምህራችን ነው። ከእኛ ብዙዎቹ የሚኖሩት ሳሎኑም መኝታውም አንድ ክፍል በሆነ ቤት ነው። በዚያ ቤት ተማሪው እንዲያጠና እናት ድራማዋን መተው አለባት፤ እናት እንድታርፍ ተማሪው መጽሐፉን መዝጋት አለበት። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ይቆለፋል። ፈተና እስኪያልፍ እንኳ እስከ ማታው ሁለት ሰዓት ክፍት ቢሆንልን፥ ቁልፉን በየተራ ለመጠበቅና ወንበሮቹን አስተካክለን ለመውጣት ተስማምተናል።