የውጭ ስንዴ ይታገድ ወይስ አይታገድ?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን የዳቦ ዋጋ ሲነሣ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር ይታወሳል። ገሚሳችሁ «የውጭ ስንዴ ጨርሶ አይግባ፣ የገበሬያችንን ጉሮሮ የዘጋው እሱ ነው» ስትሉ፣ ገሚሳችሁ ደግሞ «ዳቦው እንደሆነ ዕለት ዕለት እየቀጨጨ ነው፤ ጭራሽ ስንዴው ከቀረ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?» ብላችኋል። ስለዚሁ ጉዳይ አጠር አድርጌ እንድናገር ኮሚቴው ስላዘዘኝ ይኸው ቆሜአለሁ።

በመጀመሪያ የገበሬውን ወገን እንይ። የአርሲ ገበሬ የመኸር ስንዴውን አጭዶ የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። የማዳበሪያው ዕዳ፣ ግብሩ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ሠርጉም ሳይቀር የሚጠብቁት ይህንኑ ጊዜ ነው። እህሉን ላቆየው ቢል ደግሞ ነቀዙ አያስቆየውም። ስለዚህ ሁሉም ባንድ ሰሞን ገበያ ያወጣና ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ሰሞን ከጅቡቲ የተጫነ ርካሽ ስንዴ ቢደርስበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ዝራ ብሎ የሚመክረውን ሰው በምን ዓይኑ ያየዋል? ይታገድ የምትሉት እዚህ ላይ እውነት አላችሁ።

ይሁን እንጂ በሩን መዝጋት ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ናይጄሪያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1987 መንግሥቷ ስንዴ ከውጭ እንዳይገባ ጨርሶ ከለከለ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ነገር ግን የከተማው ሕዝብ ዳቦ ለምዷል፤ ስንዴ የሚበቅለው ደግሞ በሰሜኑ ክፍል በመስኖ በመሆኑ ምርቱ ቢጨምርም ከፍላጎቱ ሊደርስ አልቻለም። ዳቦ ተወደደ፣ ስንዴና ዱቄት ከጎረቤት አገሮች በኮንትሮባንድ ይገባ ጀመር። ከትርፉ ዳጎስ ያለውን የወሰደው ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ ኮንትሮባንድ እዚህም አገር ያለ ነገር ነው። እገዳው እ.ኤ.አ. በ1992 ተነሣ።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በ1993 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው እጅግ ወደቀ። ያን ጊዜ ገበሬውን የጎዳው በዋናነት የገዢና የመጋዘን መጥፋት ነበር። የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ለተከታዩ አዝመራ ማዳበሪያ ቀነሰ፤ በላዩ ላይ ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም. እርዳታ የሚጠብቁት ወገኖቻችን ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በሁለት ዓመት ከጥጋብ ወደ ረሀብ ማለት ነው እኮ!

መቼም መርከብ ብቻ እየጠበቁ መኖርም አያዋጣም። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ እንዴት እንደናረ አይተናል። በበጋ መስኖ ስንዴ ማምረቱ መልካም ነው፤ መንግሥትም በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን አስታውቋል። ታዲያ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለዘለዓለም የተቆለፈ በር አልደግፍም። አዝመራ ሲገባ የውጭ ስንዴ ይቁም፣ በዚያው ጊዜ ከገበሬው የሚገዛ ይኑር፣ ክረምት ሲጠብ ደግሞ የጎደለው ይምጣ። እርግጥ መርከብ እንደ ቧንቧ ውኃ ባንድ ቀን አይከፈትም፤ ግዢው ወራት ስለሚፈጅ አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል።

ይህ የመንግሥት ፋንታ ነው። የእኛስ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ እህል በረንዳ ሄደን በውድ ከምንገዛ፣ ማኅበራችን በጥር ወር ከገበሬዎች ዩኒየን ስንዴና ጤፍ በጋራ እንዲገዛ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። ገበሬው ገዢ በሚያጣበት ሰሞን ገዢ ያገኛል፤ እኛም የደላላው ይቀርልናል። የአዳራሹ ጓዳ ባዶውን ነው ያለው፤ ጆንያው መሬት እንዳይነካ ርብራብ ብቻ ያስፈልገዋል። መዋጮው በሁለት ጊዜ የሚከፈል ሲሆን፣ ባንዴ መክፈል የማይችሉ አቅመ ደካሞች እንዴት እንደሚካተቱ ዛሬ እዚሁ መወሰን አለብን። የምትስማሙ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ስማችሁንና የምትፈልጉትን ኩንታል ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።