ስለ አክሽን ኮሚክስ 1000ኛ ቁጥር
(በሥዕላዊ መጽሔት አንባቢዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በየሳምንቱ ተሰብስበን አዲስ የወጡትን የጀግና ኮሚክሶች እያነሣን፣ «ይኸኛው በረታ፣ ያኛው ደከመ» ስንባባል እንደምናመሽ ታውቃላችሁ። በአሜሪካን አገር አዳዲሶቹ መጽሔቶች ለብዙ ዓመታት ሲወጡ የኖሩት ረቡዕ ረቡዕ ስለ ሆነ፣ «እነዚህ ልጆች ረቡዕን በጾሙ ሳይሆን በኮሚክሱ ነው የሚያስታውሱት» እየተባልን እንታማለን። ሐሜቱ ሐሰት አይደለም።

ዛሬ ግን የሰሞኖቹን አቆይተን ወደ አንድ ያለፈ ረቡዕ ልንመለስ ፈለግን። ባለፈው ስብሰባ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «ያመነጩት ሰዎች የተበደሉበትን ጀግና እናንተ በምን ሆዳችሁ ነው በደስታ የምታነቡት?» ሲል ጠየቀን። ስቀን አለፍነው። ማታ ወደየመኝታችን ስንሄድ ግን ሳቁ ከእኛ ጋር አልመጣም። ስለዚህ መልስ ይሆነን እንደ ሆነ ብለን በኤፕሪል 18 ቀን 2018 የወጣውን የአክሽን ኮሚክስ 1000ኛ ቁጥር እንደገና አነበብነው። (የምንጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ሱፐርማን መጀመሪያ ለገበያ የወጣው በኤፕሪል 18 ቀን 1938 በዚሁ መጽሔት 1ኛ ቁጥር፣ በ10 ሳንቲም ነበር፤ 80ኛ ዓመቱ ከነቀኑ ተከበረለት ማለት ነው።

መጽሔቱ የብዙ ደራስያንና ሠዓሊያን አጫጭር ታሪኮች የተሰበሰቡበት ነው። ሁሉም እኩል አይደሉም። ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው «መኪናው» የተባለውን ታሪክ ነው። የ1938ቱን ሽፋን ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሱፐርማን አረንጓዴ መኪና ከፍ አድርጎ አንሥቶ ከቋጥኝ ጋር ሲያላትመው፣ በግራ በኩል አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይሸሻል። ያ ሰው ማን ነበር? ከዚያ በኋላስ ወዴት ሄደ? እኛ ሥዕሉን ስንት ጊዜ ስናየው ይህን ጠይቀን አናውቅም። ጄፍ ጆንስና የ1978ቱን የሱፐርማን ፊልም ያዘጋጀው ሪቻርድ ዶነር ጠየቁ፤ ኦሊቪዬ ኳፔልም ሣለው። ሰውየው የተጨማደደ መኪናውን ይዞ መካኒክ ዘንድ ይሄዳል፤ መካኒኩም ምን እንደ ደረሰበት ሲጠይቀው አስቡት! በኋላም ሱፐርማን ወደዚሁ ሰው ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ሊመታው ሳይሆን ሊያናግረው ነው። ጀግና ጡንቻውን ካሳየ በኋላ ተመልሶ ሲያናግር ያነበብነው ስንት ጊዜ ነው?

ሁለተኛው የወደድነው ብራድ ሜልትዘር የጻፈውና ጆን ካሳዴይ የሣለው ነው። አንዲት ሴት ሽጉጥ ተደግኖባታል፤ ሱፐርማን ገና ሩቅ ነው፤ እየበረረ ሲያሰላው ጥይቱን እንደማይቀድም ያውቃል። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ያችው ቅጽበት ለእርሱ በቂው ሆነች። ያዳናት እርሱ ነው ወይስ ራሷ? ከመካከላችን ሁለቱ እስከ ዛሬ በዚህ አይነጋገሩም።

ፓትሪክ ግሊሰን እያንዳንዱን ገጽ በአንድ ሙሉ ሥዕል የሣለበት ታሪክ ለዐይን ግብዣ ነው። የመጨረሻው፣ የብራያን ማይክል ቤንዲስና የጂም ሊ ታሪክ ግን አሳዘነን። ሁለት ሴቶች ስለ ሱፐርማን ቀይ ቁምጣ ሲከራከሩ አሳቀን (ቁምጣው በ2011 ተወስዶበት በዚህ ቁጥር ነው የተመለሰለት)፤ ነገር ግን ታሪኩ ሳይጨርስ፣ «የቀረውን በሚመጣው መጽሔት ግዙ» ብሎ ያሰናብተናል። በ80 ዓመት በዓል ላይ የተጠራ እንግዳ ምግቡ ሳይቀርብለት ለነገ ይቀጠራልን?

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንምጣ። በዚህ መጽሔት ውስጥ በደቃቅ ፊደል የታተመች አንዲት መስመር አለች፤ ሱፐርማንን ያመነጩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር መሆናቸውን ትናገራለች። በፊት ዘለናት እናልፍ ነበር። ይህች መስመር እንዴት ወደ መጽሔቱ እንደ ገባች ካወቅን ወዲህ ግን መዝለል አቃተን።

ሁለቱ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተገናኙ የስደተኛ ልጆች ነበሩ፤ ሲገል ይጽፋል፣ ሹስተር ይሥላል። በመጋቢት 1938 ሱፐርማንን ከነመብቱ ለአሳታሚው በ130 ዶላር ሸጡ። ክፍያው የተጻፈበት ቼክ፣ ከሌሎች ሥራዎቻቸው ዋጋ ጋር ተደምሮ 412 ዶላር የሚል ነበር፤ በላዩም የሁለቱም ስም ተሳስቶ ተጽፏል። ጀግናው ሚሊዮኖችን ሲያስገባ እነርሱ በ1947 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በስምምነት ገንዘብ ተሰጣቸው፣ ስማቸው ግን ከመጽሔቱ ተፋቀ። ስማቸው የተመለሰው ሲገል ለሕዝብ አቤት ካለ በኋላ በ1975 መጨረሻ ነው፤ ለእያንዳንዳቸውም በዓመት 20,000 ዶላር ተቈረጠላቸው። በዚያን ጊዜ የሹስተር ዐይን ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ያ ቼክ ራሱ፣ ወረቀቱ ማለታችን ነው፣ በ2012 በጨረታ 160,000 ዶላር አወጣ። የ1ኛው ቁጥር አንድ ቅጂ ደግሞ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ከመካከላችን ሕግ የሚያጠናው፣ «ፈርመው ሸጡ፤ ፊርማ ፊርማ ነው» ይላል። ፊርማውን አንክድም። ነገር ግን 130 ዶላር ምን እንደ ሆነ እንቍጠረው፤ ታሪኩ 13 ገጽ ነበር፣ ለአንድ ገጽ የሚከፈለውም 10 ዶላር። እንግዲህ የተከፈላቸው የገጹ ዋጋ ብቻ ነው፤ ለሐሳቡ የተከፈለ አምስት ሳንቲም የለም። ሲፈርሙም ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ 23 ዓመት የሞላው ስንት ነው? በሚመጣው ዓመትስ የሚፈርም ስንት ነው?

ለጓደኛችን የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ሙሉ አይደለም። ማንበባችንን አንተውም፤ ብንተወው ለሙታኑ የምንመልስላቸው ነገር የለም፣ እኛም «መኪናው»ን የመሰለ ታሪክ ይቀርብናል። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስብሰባ ስለ ማንኛውም መጽሔት የሚናገር ሰው፣ በመጀመሪያ የጻፈውንና የሣለውን፣ ጀግናውንም መጀመሪያ ያመነጨውን በስም ይጥራ ብለን ተስማምተናል። ለባትማን ታሪኮች ብዙ የለፋው ቢል ፊንገር ስሙ ከባትማን ጋር በይፋ መታተም የጀመረው በ2015፣ ከሞተ ከ41 ዓመት በኋላ ነውና።

በዚህ ላይ ሳለን የራሳችንንም እንናገር። ባለፈው የጋዜጣችን ቁጥር ሽፋን ላይ የነበረውን ሥዕል ሁላችሁም አድንቃችሁታል። አንድ ጓደኛችን በስቴንስሉ ላይ ሁለት ሌሊት ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሣለው ነው። ስሙ ግን በየትኛውም ገጽ የለም፤ ረስተነው ነው። በዚህኛው ቁጥር እንዲወጣ አዘጋጁን ጠይቀን እሺ ብሎናል።

1000ኛው ቁጥር ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚዋስ በደብተሩ ላይ ይፈርምና እስከ ዓርብ ይመልስ። የመካከለኛው ገጽ መገጣጠሚያው ስለ ላላ ቀስ ተብሎ ይገለጥ።